ዓሣዬን ያስወሰደኝ «በቃኝ»

እኛ ሸዋ ሮቢት እንግዳ ሁለቴ ጎርሶ «በቃኝ» ቢል ማን ያምነዋል? «በሞቴ!» እየተባለ ነው የሚጠግበው። እና ፈረንሳይ አገር ያገባችውን የእህቴን ልጅ ሰዓዳን ልጠይቅ ሄጄ፣ ፈረንሳዊቷ አማቷ አንድ ትልቅ ምግብ ቤት ጋበዘችን። ቅቤ የጠገበ፣ መዓዛው ልብ የሚሰርቅ ዓሣ መጣልኝ። ቢስሚላህ ብዬ ሁለቴ ቀመስኩና፣ ስግብግብ እንዳልባል ሳህኑን ገፋ አድርጌ «በቃኝ» አልኩ። እስኪለምኑኝ ስጠብቅ አስተናጋጁ ፈገግ ብሎ ዓሣዬን ይዞት እብስ!

«ሰዓዳ! ወሰደው እኮ!»

«እትዬ፣ በቃኝ ብለዋላ! እዚህ አገር ብሉ ብሎ የሚለምን የለም።»

«ወላሂ ለዚህ ግብዣ ብዬ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም!»

ሰዓዳ እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች ነገሩን ለአማቷ አስረዳቻት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ሰዓዳን በጆሮዋ አንድ ነገር ጠየቀቻትና፣ የራሷን ዓሣ ከነሳህኑ ወደ እኔ ገፍታ፣ በተኮላተፈ አፏ «በሞቴ!» አለችኝ። አቤት ደስ ስትል! ልማድ ሆኖብኝ አፌ «ኧረ በቃኝ!» አለ፤ እጆቼ ግን ሳህኑን ግጥም አድርገው ይዘውታል።