ስለ ሾፌር ቁጥር አራት

በሸዋ ክፍለ ሀገር፣ በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ፣ ሸዋ ሮቢት ከተማ ለወረዳው ፖሊስ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ አቶ ለማ ወልደ ሰንበት
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ የተሽከርካሪ አከራዮች ማኅበር መዝገብ ያዥ የነበረ፤ አሁን ሥራ የለውም
አድራሻ፦ ሸዋ ሮቢት፣ ቀበሌ 02
ቀን፦ ሐምሌ 9 ቀን 1978 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ አምሳ አለቃ ታደሰ ይመር

እኔ ከላይ ስሜ የተጻፈው ለማ ወልደ ሰንበት ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። የመጣሁበትም ምክንያት እዚህ ታስሮ የሚገኘው ሾፌር ወንድሙ አበጋዝ በመጪው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ሊላክ መሆኑን ስለሰማሁ ነው። ወንድሙ የታሰረው ባለፈው የካቲት ወር ከብሔራዊ ውትድርና የሸሹ ልጆችን በማኅበሩ ላንድሮቨር ጭኖ ከጀውሃ ወደ ካራቆሬ አሳልፏል ተብሎ ነው። ያን ቀን መኪናዋን የነዳው ወንድሙ አይደለም። የነዳውን ሰው አውቃለሁ።

አምሳ አለቃ ታደሰ "አባት፣ የነዳውን ሰው ስም ይንገሩኝና ይፈርሙ፤ የካርዱ ሐተታ አያስፈልግም" ብለውኝ ነበር። የካርዱ አሠራር ካልተጻፈ አልፈርምም አልኳቸው። ወንድሙን ያሳሰረው የማኅበሩ የሾፌሮች ካርድ ነው። ካርዱ እንዴት እንደዋሸ ካልተጻፈ የእኔ ቃል የአንድ ሽማግሌ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ይህን ተቀብለው መጻፍ ቀጥለዋል።

እኔ አስኳላ አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ከየኔታ ዘንድ ነው፤ መዝገብ መያዝ የተማርኩት ግን በሥራ ነው። ማኅበራችን ላንድሮቨርና የጭነት መኪና ከነሾፌሩ ያከራያል። ተከራዮቹ የሽንኩርትና የማሾ ነጋዴዎች፣ ሠርግ ያለባቸው ሰዎች፣ በሽተኛ የሚያደርሱ ቤተሰቦች ናቸው። እኔ ስቀጠር ሁሉም ነገር የሚጻፈው በአንድ ትልቅ መዝገብ ላይ ነበር። አንድ መኪና በወጣ ቁጥር ታርጋው፣ የባለቤቱ ስም፣ የሾፌሩ ስምና መንጃ ፈቃድ፣ የተከራዩ ስምና ቀበሌ፣ የቀን ኪራዩ ሁሉ እንደ አዲስ ይጻፋል። አንድ መኪና ተሽጦ ባለቤቱ ሲለወጥ በአንዱ ገጽ ይታረማል፣ በሌላው ይረሳል። ያው አንድ መኪና በአንድ መዝገብ ውስጥ ሁለት ባለቤት ይዞ ይገኛል። ይህን ማየት አልቻልኩም።

መዝገቡን ትቼ ከሳሙና ሣጥን ጣውላ ትንንሽ ሣጥኖች አሠራሁና ካርድ ጀመርኩ። መኪኖቹ ለብቻቸው፣ ሾፌሮቹ ለብቻቸው፣ ተከራዮቹ ለብቻቸው፣ ጉዞዎቹም ለብቻቸው ሣጥን አላቸው። ለእያንዳንዱ መኪናና ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድና አንድ ቁጥር ሰጠሁ። በጉዞ ካርድ ላይ ስም የለም። ቀኑ፣ የሚሄዱበት ቦታ፣ የመኪናው ቁጥር፣ የሾፌሩ ቁጥር፣ የተከራዩ ቁጥር፤ በቃ። ማን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ቁጥሩን ይዞ ወደ ሰውየው ሣጥን ይሄዳል። ሾፌሩን በመኪናው ካርድ ላይ አልጻፍኩትም፤ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ይወጣልና። የቀን ኪራዩንም በየመኪናው ላይ አልጻፍኩም፤ ላንድሮቨር ሁሉ አንድ ዋጋ ስለሆነ ለዓይነቱ በተሰጠው ካርድ ላይ አንዴ መጻፉ ይበቃል። ሕጌ፣ አንድ ነገር በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ፣ ሲታረምም እዚያው ይታረም የሚል ነው።

ሾፌሮቹ "ጋሼ ለማ በቁጥር አጠመቁን" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ልጄ ግርማም ከእነሱ አይሻልም። ከመንገድ ሲገባ በር ላይ ቆሞ "አራት ቁጥር በሰላም ገብቷል፤ አባቱ እዚህ ካሉ ይነገራቸው" ይላል። እኔ ቀና ሳልል "አባቱ ሥራ ላይ ናቸው፤ ቁልፉን አስቀምጥ" እለዋለሁ። ሾፌር ቁጥር አራት ልጄ ግርማ ለማ ነበር።

ሁለተኛ ሕግ አለኝ። የአንድ ሰው ቁጥር ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ቢሞትም አይሰጥም። ይህን የተማርኩት በጣሊያን ጊዜ፣ የጣርማ በር ዋሻ ሲቆፈር፣ እኔ ገና ጎረምሳ ሆኜ ለሠራተኛ አካፋና ዶማ አዳይ በነበርኩበት ወቅት ነው። ሠራተኛው ሁሉ ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር። አንድ ልጅ ድንጋይ ተንዶበት ሞተ። ቆርቆሮውንም በማግሥቱ ለተተካው ሰው ሰጡት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የልጁ እናት ከቆላ ወጥታ ልጄን ብላ መጣች። ተቆጣጣሪው ቁጥሩን አየና "አለ፣ ሥራ ላይ ነው፣ ማታ ይወጣል" አላት። እስኪመሽ ዋሻው አፍ ላይ ጠበቀች። ያን ቁጥር አንገቱ ላይ ያደረገ ሰው ሲወጣ ፊቱን አየችው። ከዚያ ወዲህ የሞተ ሰው ቁጥር በእጄ ለሌላ ሰጥቼ አላውቅም።

ግርማ የሞተው በሚያዝያ ወር ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ፣ በጉም ውስጥ፣ የጭነት መኪናው ገደል ገባበት። ከቀብሩ በማግሥቱ ሰው ሳያየኝ ወደ ቢሮ ሄጄ ካርዱን አወጣሁ፤ ከግርጌው "አረፈ" ብዬ ቀኑን ጻፍኩና ወደ ቦታው መለስኩት። ሰው ሲሞት ካርዱ ከሣጥኑ አይወጣም። የሄደባቸው ጉዞዎች ሁሉ ቁጥሩን ይዘው እዚያ ተቀምጠዋል፤ እሱ ከወጣ የሚያመለክቱት ሰው ያጣሉ። ከዚያ ለቅሶ ተቀመጥኩ። እስከ አርባው ድረስ ወደ ሥራ አልተመለስኩም።

በዚህ መሀል ማኅበሩ በግርማ ቦታ ወንድሙ አበጋዝን ቀጠረ። ወንድሙ ቀድሞ በጋራዡ የሚሠራ፣ የተጠገነ መኪናም ለሙከራ የሚነዳ ሰው ነው። በሾፌሮች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ሥራ የሚወጣው በተራ ስለሆነ፣ ሾፌር ሲሞት ተራው እንዳይሰበር የተተካው ሰው የሟቹን ተራ ይወስዳል። የግርማ ተራ ለወንድሙ መተላለፉን እኔም አልቃወምም። ሊቀ መንበሩ ጓድ ደሳለኝ ግን ተራውንና የካርዱን ቁጥር አንድ አድርጎ ቆጠረው። ባዶ ካርድም አልቆ ነበር። ስለዚህ የግርማን ካርድ አውጥቶ ስሙን፣ የመንጃ ፈቃዱን ቁጥርና እኔ "አረፈ" ያልኩበትን መስመር በምላጭ ፋቀና በላዩ ወንድሙ አበጋዝ ብሎ ጻፈበት። የተቀጠረበትን ቀን ግን ሳይነካው ተወው። እሱ የግርማ ነው፤ 1974 ዓ.ም. ይላል። እንግዲህ ካርዱን የሚያይ ሰው ሁሉ ወንድሙ ላለፉት አራት ዓመታት ሾፌር የነበረ ይመስለዋል። ግርማ የሄደባቸው ጉዞዎች ሁሉ በአንድ ቀን የወንድሙ ሆኑ።

ወደ ሥራ የተመለስኩ ዕለት ይህን አየሁ። ጓድ ደሳለኝን ጠርቼ ለወንድሙ አዲስ ቁጥር ይሰጠው፣ የልጄም ስም ይመለስ አልኩት። "ጋሼ ለማ፣ ሐዘን ላይ ስለሆኑ ነው። ተራው ለሰውየው ተላልፏል፤ ቁጥሩ ምን ለየው?" አለኝ። "ተራ ይተላለፋል። ሰው አይተላለፍም" አልኩት። "ለአንድ ወረቀት እንዲህ መሆን ደግ አይደለም" አለ። የሣጥኖቹን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ ደጁን አልረገጥኩም።

ወንድሙ የተያዘው እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው። ካራቆሬ ኬላ ላይ የተያዘ አንድ ልጅ በየካቲት ወር በማኅበራችን ላንድሮቨር እንዳለፈ ተናገረ፤ የሾፌሩን ስም ግን አላወቀም። ፖሊስ የጉዞውን ካርድ አስወጣ። መኪና ቁጥር ሦስት፣ ሾፌር ቁጥር አራት ይላል። ሾፌር ቁጥር አራት ማን ነው ሲባል ካርዱ ወንድሙ አበጋዝ አለ። ጓድ ደሳለኝ በቦታው ነበር። ካርዱን እኔ ፍቄዋለሁ ብሎ መናገር ይችል ነበር፤ አልተናገረም።

ባለፈው ሰኞ የወንድሙ ባለቤት ውባለም ቤቴ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። ወንድሙ በዚያ ሰሞን እናቱን ሊያስታምም ገጠር እንደነበር፣ ጎረቤቶቹ ቢመሰክሩም ዘመድ ናችሁ እንደተባሉ ነገረችኝ። "ካርዱ አራት ይላል፣ አራት ማለት ወንድሙ ነው አሉን። ጋሼ፣ ይህን ቁጥር ያወጡት እርስዎ ነዎት። ቁጥርዎ ባሌን በላው" አለችኝ። የጉዞውን ቀን ጠየቅኋት። ነገረችኝ።

ያን ጉዞ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእጄ ጽፌ፣ ቁልፉን በእጄ ለግርማ ሰጥቼዋለሁ። የተከራየው የሽንኩርት ነጋዴ ነበር፤ እሱ በአውቶቡስ ቀድሞ ሄዷል፤ መኪናዋ የሄደችው ዕቃ ልታመጣ ነው። ልጆቹን አላየኋቸውም፤ ማንን እንደጫነም አልነገረኝም። ያየሁትንና ያደረግሁትን እንጂ ያላየሁትን አልመሰክርም። ግርማ ያን ቀን በጣም ዘግይቶ ገባ። እንደ ልማዱም አራት ቁጥር ገብቷል አላለም። ለምን ዘገየህ ስለው "ጎማ ፈንድቶብኝ ነው" አለኝ። ኋላ ሄጄ ተለዋጭ ጎማውን አየሁት። ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የሳምንት አቧራ ላዩ ላይ ነበር። ሁለተኛ አልጠየቅሁትም።

አምሳ አለቃ ታደሰ ልጅዎ እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል ወይ ብለው ጠይቀውኛል። መልሴ ይህ ነው። ግርማ መንገድ ዳር የቆመ ሰው አልፎ መሄድ የማይችል ልጅ ነበር። ስለዚህም ብዙ ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የግርማን ባለቤት ጽጌን ጠርቼ ልመሰክር መሆኔን ነገርኳት። ማኅበሩ ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው የወር ድጎማ እንዲህ ባለ ጉዳይ ስሙ ለተነሣ ሾፌር ቤት እንደሚቋረጥ ደንቡ ውስጥ አለ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ከእሷ አልደበቅኩትም። ልጃቸው ሮማን ገና ጡት አልጣለችም። ጽጌም "አባባ፣ ድጎማውስ ይቅር፤ ሠርቼ አድራለሁ። ሰውየው አፈር ውስጥ ነው። ስሙን እንኳ ቢተዉለት ምን አለ?" አለችኝ።

"ስሙንማ በምላጭ ፍቀውታል። እኔ የምሄደው ላስመልሰው ነው" አልኳት።

"ከነጥፋቱ?" አለች።

"ከነሠራው ሁሉ። የሠራውን ለሌላ ሰጥተን ስሙን ብቻ ለእኛ ማስቀረት አይቻልም" አልኳት። ልጇን አዝላ ወጣች። እንደተጣላችኝ አውቃለሁ።

አምሳ አለቃ ታደሰ በእጃቸው ያለውን የሾፌር ቁጥር አራት ካርድ እንዲያመጡት ጠየቅኋቸው። ወደ መስኮቱ ይዘው ወደ ብርሃን አዙረው አይተውታል። ወንድሙ ከሚለው ቀለም ሥር ወረቀቱ ሳስቶ ግርማ የሚለው የእኔ ጽሑፍ ሠርጎ ይታያል። ጠንክሬ ነው የምጽፈው፤ ምላጩ ሁሉንም አላወጣውም። ከግርጌውም "አረፈ" የሚለው በጭላንጭል ይነበባል። ይህን እሳቸውም በዓይናቸው ማየታቸው በዚህ ቃል ውስጥ እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፏል።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ወንድሙ አበጋዝ ወደ ቤቱ ይመለስ። ቁጥር አራትም በግርማ ለማ ስም ይጻፍ፤ ከ"አረፈ" ጋር። ካርዱ ለማስረጃ ስለሚፈለግ አይመለስም ተብያለሁ። ይሁን፤ እዚያው ቢቀመጥም በስሙ ይቀመጥ።

ቃሌን ጨርሼ ሳለሁ ጽጌ ከበረንዳው ገባች፤ ልጇም ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። ከመቼ ጀምሮ እዚያ ቆማ እንደነበር አላውቅም። አምሳ አለቃ ቃሉ ሲነበብ የሚሰማ ሁለተኛ ታዛቢ ከመንገድ ሊያስጠሩ ሲሉ "እኔ አለሁ" አለች። የሟች ባለቤት መሆኗን ነገሯት። "ለዚህ ነው የምፈርመው" አለቻቸው።

የሰጠሁት ቃል ይህ ነው። ከፊት እስከ ኋላ በታዛቢዎች ፊት ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። በሦስት ቦታ "ሟቹ" የተባለው "ግርማ ለማ" ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል፤ የታረመውም ሳይፋቅ፣ የፊተኛው ቃል ከሥሩ እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ተሰርዞ ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ ያየሁትን አልቀነስኩም፤ ያላየሁትንም አልጨመርኩበትም። ይህን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ለማ ወልደ ሰንበት

ታዛቢ፦ ሙሉ ተክሌ፣ የቀበሌ 02 ነዋሪ፣ (ፊርማ)

ታዛቢ፦ ጽጌ አየለ፣ የግርማ ለማ ባለቤት፣ (የጣት አሻራ)

ቃሉን የተቀበለው፦ አምሳ አለቃ ታደሰ ይመር፣ (ፊርማ)