ወይዘሮ ጭቃ እና ያልተዘጋው ቦይ

ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ በዚህ መካነ መቃብር የቆማችሁ ወገኖች፣ የታላቅ እህቴን የእታለምን የሕይወት ታሪክ እንዳነብላችሁ የታዘዝኩት ከራሳቸው ነው፤ ለምን እኔን እንዳዘዙኝም ወደ መጨረሻው ትረዱታላችሁ።

እታለም ከጡብ ሠሪው አባታችንና በሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታችን፣ ወንዙ ሲሞላ ጎርፉ ተንጣልሎ ከሚተኛበት ረግረግ ዳር፣ ከሃምሳ ስምንት ዓመት በፊት ተወለዱ። አባታችን ለጡብ የሚሆነውን ሸክላ በመዳፋቸው አድቦልቡለው እንደ ገመድ ሲጠመዝዙት ካልተሰነጠቀ ጥሩ ነው ይሉ ነበርና፣ እታለም ይህንን ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ነው የተማሩት። እኔን ታናሻቸውንም በዚያው ረግረግ ዳር በጀርባቸው አዝለው አሳደጉኝ፤ ታዲያ ቁንጥጫቸውም እንደ ፍቅራቸው አይጣል ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንዳጠናቀቁ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው የቧንቧ ሥራ ክፍልን ሲመርጡ፣ ከሠላሳ አራት ተማሪዎች መካከል ሴት እርሳቸው ብቻ ነበሩና፣ መምህሩ መንገድ ተሳስተሽ ነው ወይ ብለው ቢጠይቋቸው፣ የተሳሳተስ የእርስዎ ብየዳ ነው ብለው በመመለሳቸው ሳምንት ሙሉ ከክፍል ተባረሩ። ብየዳው ግን እውነትም ያፈስ ነበር።

በሃያ ሦስት ዓመታቸው በከተማችን የውሃ አገልግሎት የቦይ ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ፤ በአራተኛው ዓመት የመጀመሪያው ትልቅ ቧንቧ ረግረጉን አቋርጦ ሲዘረጋም ኃላፊነቱ በእርሳቸው ላይ ወደቀ። ይህንን ምዕራፍ ዘልዬ ባልፍ ደስ ባለኝ፤ እንዳልዘል ግን ታዝዣለሁ። እርሳቸው ቧንቧው የተኛበትን ቦይ ከዳር እስከ ዳር በጠጠር አስደፈኑት፤ በመመሪያው የተጻፈውም እንደዚያው ነበር። እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ እንደሚባለው፣ የረግረጉ ውሃ በጠጠሩ መካከል ከሥር ከሥሩ እየተንጠፈጠፈ አለቀና፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ቄጠማው ጠፋ፣ መሬቱም ደርቆ ድንጋይ ሆነ። በሦስተኛው ክረምት ወንዙ ሲሞላ ጎርፉን ተቀብሎ የሚያቆይ ሜዳ አልተገኘምና በታችኛው ሰፈር አሥራ አንድ ቤት ፈረሰ፤ አንድ አረጋዊ ልብስ ሰፊም ከመኝታቸው ሳይነሱ ሞቱ።

መሥሪያ ቤቱ የተፈጥሮ አደጋ ነው ብሎ ፋይሉን ዘጋ። እታለም ግን ጥፋቱ የእኔ ነው የሚል ደብዳቤ ከማስገባታቸውም በላይ፣ ወደ ልብስ ሰፊው ባለቤት ቤት ሄደው ይህንኑ ፊት ለፊት ነገሯቸው። ሴትየዋም በሩን ዘጉባቸው። እርሳቸው ከዚያ ወዲያ ይቅርታ አገኘሁ ብለው ተናግረው አያውቁም።

ከዚያም አለቆቻቸውን ለአምስት ዓመት ነዝንዘው አሮጌውን ቦይ በየአርባ እርምጃው አስከፈቱና፣ ውሃው እንዳይሾልክ ቦዩን የሚያግድ የሸክላ ግድብ አስጠቀጠቁበት፤ ረግረጉም ቀስ በቀስ ውሃ ያዘ። በኋላ በመጣ ሥራ ሁሉ ግድቡ ሳይጠቀጠቅ አንዲት አካፋ አፈር አትመለስም፣ ቄጠማ የበቀለበት የላይኛው አፈር ለብቻው ተከምሮ ኋላ ከላይ ይመለሳል፣ መኪናም ረግረጉ ላይ ከተነጠፈው ሳንቃ አይወርድም እያሉ ኮንትራክተሩን ሁሉ ቁም ስቅሉን አሳዩት። ሠራተኞቹ ወይዘሮ ጭቃ የሚል ስም ቢያወጡላቸው እርሳቸውም ስሙን ወደዱት።

በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ከአንድ የአውቶቡስ ሾፌር ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው፣ ከተማው ውሃውን ይጠጣል እኔ ጭቃውን አጥባለሁ እያሉ ሲያማርሩ ኖረዋል፤ ሆኖም በየማለዳው ቦት ጫማቸውን አጥበው በር ላይ የሚያኖሩላቸው እኚሁ አማራሪ ነበሩ።

ከስድስት ዓመት በፊት እኔ የውሃ አገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ስሾም በወረቀት አለቃቸው ሆንኩ። ዘንድሮ አሮጌው ቧንቧ በትልቅ ሊተካ ረግረጉ ዳግም ሲቆፈር፣ ውሃ በስምንት ቀን አንዴ የሚደርሳችሁ እናንተ ጀሪካን ይዛችሁ በቢሮዬ በር ተሰለፋችሁ፤ ከበላይም ምን ላይ ደረስክ የሚል ስልክ በየቀኑ ይደወልልኝ ጀመር፤ ዝናቡም አንድ ወር ያህል ቀርቶታል። እታለም በልብ ሕመም ሆስፒታል በገቡ በዘጠነኛው ቀን፣ ለአዲሱ ቦይ ከታቀዱት አሥራ አራት ግድቦች ያልተሠሩት ስድስቱ ይቅሩና ቦዩ በጠጠር ይደፈን የሚል ትእዛዝ ፈረምኩ። አልነገርኳቸውም። ፎርማኑ ግን ነገራቸው።

አስጠርተውኝ ስሄድ ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በተቆጡኝ። የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፋቸው ገለል አድርገው፣ የሕይወት ታሪኬን የምታነበው አንተ ነህ፣ ያሻህን ጨምርበት፣ አሥራ አንዱን ቤትና ልብስ ሰፊውን ግን እንዳትዘላቸው አሉኝ። ጥቂት ዐርፈውም፣ እኔ ሳላውቅ ነው ያጠፋሁት፣ አንተ ግን ታውቃለህ አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም ምንም ሳልመልስ ወጣሁ። በማግስቱ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዐረፉ።

ወገኖቼ፣ ቦዩን የሚደፍኑት ማሽኖች ነገ ጠዋት ሥራ ሊጀምሩ ነበር። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ትእዛዙን በፊርማዬ ሽሬዋለሁ። ስድስቱ ግድቦች ይጠቀጠቃሉ፤ ስለዚህ ለሦስት ተጨማሪ ሳምንታት የአዲሱ ቧንቧ ውሃ አይመጣላችሁም፤ ዝናቡ ቢቀድመንም ሥራው ይቆማል እንጂ ቦዩ በጠጠር አይደፈንም። ከመካከላችሁ ፊቱን ያጠቆረብኝ ይታየኛል። እውነታችሁን ነው፣ ጥም ቀጠሮ አይሰጥም፤ ነገር ግን የምትሰድቡት ሰው ብትፈልጉ እኔ አለሁ፣ የእርሳቸውን ስም እንዳታነሡ።

እታለም ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም በሕይወት ሳሉ ሊመልስላቸው የሚገባውን ቃል በሬሳቸው ፊት የሚመልሰውን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ተለይተውናል። ፈጣሪ በቸርነቱ ተቀብሎ ያሳርፋቸው፤ ለልጆቻቸውም ብርታቱን ይስጥ።

እታለም፣ እሺ ብያለሁ። ነፍስሽን ይማረው።