ለእትዬ ለምን የተጠየቀ የመጨረሻ ፈቃድ

እትዬ ለምን፣ ዛሬ በሽኝትዎ ላይም በቅጽል ስምዎ ልጥራዎት። ስሙ የወጣልዎት የመጡ ዕለት ነው። አለቃችን ክላውድ ላይ ያለውን ኔትዎርካችንን ሁሉ የሚከፍት ፈቃድ ሰጥተው እንኳን ደህና መጡ ሲሉዎት፣ "ይሄ ሁሉ ለምን?" ብለው መለሱላቸው። ለዚያ ፈቃድ ደጅ ስንጠና የከረምን ሰዎች፣ "ሴትዮዋ ጤነኛ ናት?" ተባባልን።

ከዚያ ወዲያማ አሳራችንን አየን። የኔትዎርካችንን በር የሚጠብቀውን ፋየርዎል ልንካ ያለ ሁሉ፣ ለምን እና እስከ መቼ ሳይባል አያልፍም። የሶፍትዌር ክፍሉ ወንድማችን፣ አትሳቅ አንተን ነው፣ ብልጥ ነኝ ብሎ "ለማየት ብቻ ነው" አለና ማየት ብቻ ተፈቀደለት። ሳምንቱን ሙሉ ሲያይ ሰነበተ።

ግን እትዬ የማንንም ፈቃድ በድብቅ ዘግተው አያውቁም። የሚለቅ ሰው ሲኖር ጠረጴዛው ድረስ ሄደው፣ "ልጄ፣ ልዘጋው ነው፤ የቀረህ ሥራ አለ?" ይሉታል። ሰው በሩ ላይ ደርሶ ተዘግቶ ማግኘት የለበትም ብለው ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። ባለፈው ሳምንትም የራሴን በገዛ እጄ ነው የምዘጋው ብለውን ነበር።

ዛሬ ጠዋት የሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። እትዬ ርክክቡን ሊጨርሱ ቢቀመጡ ስክሪኑ "አልተፈቀደልዎትም" አላቸው። ደጋግመው ሞከሩ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና፣ "ሲስተሙ ቸኮለ መሰለኝ" ብለው ፈገግ አሉ።

ሲስተሙ አይደለም እትዬ፣ እኔ ነኝ። የሚለቁ ሰዎችን ፈቃድ ስዘጋ የእርስዎንም አብሬ ዘጋሁት፤ ስምዎን እያየሁ፣ ሳልነግርዎት። ሲስተሙ ነው ሲሉም አቀርቅሬ ሥራዬን ቀጠልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሁንም ዓይንዎን ማየት አፍራለሁ። ይህን ሥራ ያወቅኩት ከእርስዎ ነው፤ አመሰግናለሁ ልል ተነስቼ ይቅርታው ቀደመኝ። ይቅር ይበሉኝ።

ላፕቶፑን ይዤው መጥቻለሁ። ከሰዓት ለእርስዎ ፈቃድ ጠየቅኩ፤ እንዳስተማሩኝ ትንሿን። ከራስዎ ስም በቀር ምንም አትነካም፤ ማታ ላይ ያበቃላታል። ምክንያት በሚለው ቦታ "ሳልነግራቸው ስለዘጋሁባቸው" ብዬ ሞላሁ፤ አለቃችንም አጸደቁት።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ፤ ግን እሳቸው ሳይዘጉ እንዳትጠጡ። ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት፤ የልጅ ልጆችዎንም ጠግበው ይሳሙ። ጠረጴዛዎ ድረስ መጥቻለሁ።

እትዬ፣ ሊዘጋ ነው፤ የቀረዎት ሥራ አለ?