ሽማግሌዎቹን ለመንገድ ያስነሡት አቶ ፉፋ ጆቴ

ከሁሩታ፣ ከመቂና ከዚሁ ከአዳማ የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ አፈር ከማልበሳችን በፊት የአቶ ፉፋ ጆቴን የኑሮ መንገድ እናሰማችኋለን።

አቶ ፉፋ ከአባታቸው ከአቶ ጆቴ መርጋና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቡዜ ዋቆ በ1887 ዓ.ም. ከአዋሽ ወዲያ፣ ከሁሩታ በታች ባለች መንደር ተወለዱ። አባታቸው ሲሞቱባቸው የባቡሩን ወሬ ሰምተው ወደ አዳማ መጡና በጣቢያው ጨውና የጨርቅ ጥቅል ማውረድ ያዙ። አማርኛን የተማሩት እዚያው ከሠራተኛው አፍ ነው። ፊደል የቆጠሩት ግን ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ፣ እሑድ እሑድ ከአንድ ዲያቆን ዘንድ፣ ከልጆች መካከል ተቀምጠው ነው። ልጆቹ ይስቁባቸው ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ከደጋ ለሥራ የወረደው ሰው ክረምት በወጣ ቁጥር በወባ እየወደቀ በጣቢያው ግድግዳ ሥር ተጋድሞ ይቀር ነበር። በ1914 ዓ.ም. የከተማው ሽማግሌዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ግራዝማች መርዳሳን አለቃ አድርገው ማኅበር አቆሙና ለሕሙማን ማረፊያ ቤት ሠሩ። የተኛው ሁሉ መብላት አለበትና፣ አቶ ፉፋና የወሎው ተወላጅ አቶ ሀሰን አህያ እየነዱ ከየመንደሩ እህል ለምነው እንዲያመጡ ተመረጡ።

ሽማግሌዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዛሉ። ሰብሳቢዎቹ ፀሐይ ላይ ይንከራተታሉ። አንዱ የሌላውን ውሎ አያውቅም።

በ1919 ዓ.ም. አንበጣ አዝመራውን በልቶት አህዮቹ ግማሽ ጭነት ይዘው ሲመለሱ፣ ግራዝማች መርዳሳ በሸንጎው ፊት «እህሉስ የታለ? መንገዱ ዋጠው?» አሉ። የሳቀም ነበር። አቶ ሀሰን ባዶውን ስልቻ ከግራዝማች እግር ሥር ጥለው «እንግዲያው የማይሰርቅ ፈልጉ!» ብለው ወጡ። ቤቱ በሕሙማን ተሞልቷል፤ ጎተራው ሊራቆት ነው፤ ሰብሳቢና ሽማግሌ ካልታረቁ ቤቱ መዘጋቱ ነበር።

ስሙ በሐሜት የተነካው የአቶ ፉፋም ጭምር ነበር። ሆኖም በማግስቱ ከግራዝማች ደጅ ሄደው፣ ለአንድ መንገድ ብቻ አብረዋቸው እንዲወጡ ለመኑ።

«እኔ መርዳሳ በስተርጅናዬ ደጅ ለደጅ ልለምን?»

«አይለምኑም ጌታዬ። እኔ ስለምን አጠገቤ ይቆሙልኛል፤ ሌላ ሥራ የለብዎትም።»

«በቅሎዬስ?»

«እሷም ትቁም።»

ግራዝማች ሳይወዱ ሳቁ፤ ወጡም። አቶ ሀሰን ደግሞ በአቶ ፉፋ «ግራዝማች ፀሐይ ላይ ሲጠበሱ ማየት ይቅርብህ?» ተብለው፣ ለዚያ ብቻ እንደ መጡ እየማሉ ተከተሉ።

አዋሽን ተሻግረው ሁሩታ ሲደርሱ ከአቶ ሆራ ደጅ ቆሙ። እንደምታውቁት በአገራችን ሽማግሌ ኩታውን አጣፍቶ ከሰው ደጅ ከቆመ ልጅ ሊጠይቅ ነው። ግራዝማችም ስንቱን ጋብቻ ያስማሙ ሰው ናቸውና ሌላ የልመና ዐይነት አያውቁም። አቶ ፉፋ አፋቸውን ሳይከፍቱ ግራዝማች በልማድ ቀደሟቸው።

«አቶ ሆራ፣ ተቀመጡ አይበሉን፤ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም። ይህ ልጃችን ፉፋ የጆቴ ልጅ ነው፤ አባቱን ያውቁታል። አይዋሽም። የሰው ነገር አይነካም። የሰጡትን ያደርሳል። ለዚህ ዋሱ እኔ ነኝ!»

አቶ ሆራ ጥቂት አሰቡና «አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ እንኳ ሳንባባል! መልካም፤ ግን ዘመድ ሳላማክር ደራርቱን እሺ አልልም። ከሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሉ።

«ደራርቱ ደግሞ ማን ናት? እኛ የመጣነው ለገብስ ነው!» አሉ ግራዝማች።

ከጓዳ የሴት ሳቅ ተሰማ። አቶ ሆራም እንባቸው እስኪመጣ ስቀው ገብሱን አስጫኑ፤ ወሬውን የሰማ ጎረቤትም ያለውን ይዞ መጣ። ግራዝማች ግን በሸንጎ የጠረጠሩትን ሰው በሰው ደጅ ዋስ ሆነውለት ነበርና፣ ሁለቱን ቃል ያወጣው ያው አፋቸው መሆኑ ከበዳቸው። አዳማ እንደ ገቡ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ አቶ ፉፋንና አቶ ሀሰንን ይቅርታ ጠየቁ።

ከዚያ ወዲህ፣ በአቶ ፉፋ ምክር፣ ከሰብሳቢ ጋር ያልተጓዘ ሽማግሌ ስለ ሰብሳቢ እንዳይናገር፣ ሰብሳቢውም በሸንጎ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ሰብሳቢዎቹም ተቀምጠው ሲሰሙ፣ ሽማግሌዎቹ ለቤቱ ቦታ የየሹሙን ደጅ ሲጠኑ፣ ሲገላመጡና በባዶ ሲመለሱ እንደ ኖሩ ተረዱ። ለካ ደጅ የቆመው ሁሉም ነበር።

በ1920 ዓ.ም. ግራዝማች ዳግመኛ ከአቶ ሆራ ደጅ ቆመው «የምለውን አምና ብያለሁ፤ አልደግመውም» አሉና ወይዘሮ ደራርቱ ሆራ ለአቶ ፉፋ ተዳሩ። በትዳራቸውም ቡዜን እና መርጋን ወለዱ። ወይዘሮ ደራርቱ ሲቀልዱባቸው «እኔን ትቶ ገብስ ጭኖ የሄደ!» ይሏቸው ነበር። አቶ ፉፋም ይህን ስድብ ለመስማት ሲሉ ከመንገድ ይፈጥኑ እንደ ነበር የምናውቅ እናውቃለን።

በዚህ በ1924 ዓ.ም. ጥቅምት ወባው እሳቸውንም ጣላቸው። ሲለምኑለት በኖሩት ቤት፣ ከሌሎቹ ሕሙማን መካከል ተኙ። እህል ለመለመን ወደ ቡልቡላ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ግራዝማችና አቶ ሀሰን «ጥለንህ አንሄድም» አሉ። አቶ ፉፋ ግን የተኛውን ሰው ሁሉ በዐይናቸው እያሳዩ፣ እንዲሄዱ ለመኗቸው። እሺ ሳያሰኟቸው አልተዉአቸውም። ትናንት ረፋድ ላይ ወይዘሮ ደራርቱ ራሳቸውን ደግፈው እንደ ያዟቸው ዐረፉ።

መልእክተኛ ልከናል፤ ደርሶባቸው እንደሆነ አናውቅም። ምናልባት በዚህች ሰዓት ሁለቱ ቡልቡላ ካንድ ደጅ ቆመው፣ «ፉፋ ታሞ ነው የቀረ፤ ሰላም ብሏችኋል» እያሉ ይሆናል።

አቶ ፉፋ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ደራርቱን፣ ልጆቻቸውን ቡዜን እና መርጋን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ቡዜን፣ አማታቸውን አቶ ሆራን፣ በማረፊያ ቤቱ የተኙትን ሕሙማን፣ ገና በመንገድ ላይ ያሉትን ግራዝማች መርዳሳንና አቶ ሀሰንን ትተው ሄደዋል። የለመነውን የማያሳፍር አምላክ ደጁን ይክፈትላቸው፤ ከድካማቸው ያሳርፋቸው፤ መንገደኞቻችንንም በሰላም መልሶ መርዶውን የሚችሉበት ልብ ይስጣቸው። አሜን።