ውሃን በመቀመጫቸው ያደምጡ የነበሩት የአቶ እንደሻው ኪዳነወልድ ዜና ሕይወት

ለቅሶ የደረሳችሁ ወገኖች፣ ከታንኳቸው ቀዛፊዎች አንዱ ስለነበርሁ ይህን እንዳነብ ታዝዣለሁ፤ አላስረዝምም።

አቶ እንደሻው ከአባታቸው ከአቶ ኪዳነወልድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተማርያም በ፲፰፻፸፯ ዓ.ም. በዝዋይ ደሴት ተወልደው፣ አባታቸው ጦሩን ተከትለው ሐረር ሲገቡ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው መጡ። ዕድሜያቸው ሲፈቅድ ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ደግመዋል፤ ሆኖም የኔታ እንደመሰከሩት፣ ከሚያነቡት ይልቅ የትኛው እግራቸው እንደደነዘዘ አጥርተው ያውቁ ነበር።

አባታቸው በሐረማያ ሐይቅ፣ ፊላ ከሚባለው የውሃ ዳር ሸምበቆ ታንኳ አስረው ሣርና ሽንኩርት ያሻግሩ ስለነበር፣ ሲያርፉ ሥራውን ልጃቸው ወረሱ። እኔ በዚያን ጊዜ ሶፊ ከሚባለው መንደር እንጨት ተሸክሜ እሸጥ ነበር። ስለዚያ ሌላ አልናገርም። አቶ እንደሻው ትከሻዬን ዳብሰው ቀጠሩኝ።

እሳቸው ቀዛፊን የሚያደክመው ዓይኑ ነው ይሉ ነበር፤ ዓይን ማዶውን አይቶ ይፈራል፣ ክንድም ፍርሃቱን ሰምቶ ይዝላል። ስለዚህ ታንኳ ማዘንበሏን በመቀመጫ፣ ፍጥነቷን መዳፍ ላይ በሚሰማው የውሃ ክብደት፣ ነፋሱን በጉንጭ ማወቅ ይገባል ብለው፣ በሐረር ሸዋ በር ገበያ አጠገብ በማሽላ ጆንያ ላይ አስቀምጠው፣ ዓይናችንን በነጠላ ቅዳጅ አስረው አየር ያስቀዝፉን ነበር። የሚሰማንን ጮኸን መናገር ግዴታችን ነበር። አንዱ “ግራ ጎኔ ከበደ!” ሲል፣ ሽንኩርት ሻጯ ወይዘሮ በለጡ “ማሽላው ማዶ ሲደርስ ንገሩን!” ይሉ ነበር።

በ፲፱፻፪ ዓ.ም. አቶ እንደሻው የባላምባራስ ሀብተወልድን ልጅ ወይዘሮ ገላነሽን ለጋብቻ ጠየቁ። ባላምባራስ “በመቀመጫው ለሚያስብ ሰው ልጅ አልሰጥም” አሉ፤ ለቀስተኞች ይቅር ይበሉኝ፣ ቃሉ የእሳቸው ነው። ሽማግሌ ሲበዛባቸው ግን፣ በፋሲካ ማግስት ሐይቁን በታንኳ በማቋረጥ የጀጎሉን ነጋዴ አቶ ዐብዱሰላምን ከቀደሙ ልጅቱን እንደሚሰጡ፣ ካልቀደሙ ግን ለአንድ የጉምሩክ ጸሐፊ እንደሚድሯት ቃል ገቡ።

በዕለቱ መሪው ብቻ ዓይኑን መክፈት ሲገባው፣ አቶ እንደሻው አርአያ ለመሆን የራሳቸውንም አሰሩ። ነፋሱን በቀኝ ጉንጫቸው ይዘው መሩን። እኩለ ቀን ላይ ነፋሱ ዞረ፤ እሳቸውም ጉንጫቸውን ተከትለው ታንኳይቱን አዞሩ። ጥቂት ቆይቶ “ውሃው ከበደ!” ብዬ ጮህሁ። “ፍጥነት ነው!” አሉ። ሌላው “መዘንበል የለም!” አለ። “በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ርጋታ ተሰምቶኝ አያውቅም፤ በርቱ ልጆቼ!” እያሉ በደስታ አለቀሱ። እኛም በረታን። ያለነው ከተነሣንበት ዳርቻ አጠገብ፣ ጭቃ ውስጥ ነበር።

አቶ ዐብዱሰላም ማዶ ደርሰው፣ ምሳ በልተው ሲመለሱ አሁንም እንቀዝፍ ነበር። “አቦ እንደሻው፣ ወላሂ መሬቱን ልትወስደው ነው!” ብለው ገመድ ወረወሩልን። ዛሬም እዚህ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዕድሜ ይስጥልን።

ባላምባራስ ወዲያው ጸሐፊውን ሊያስጠሩ ሰው ሰደዱ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ገላነሽ፣ ከሳቁ ብዛት ወገባቸውን ይዘው፣ “አባባ፣ ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ጉዞዬ አማረ የሚል ሰው እኔ ቤት ምን አጣሁ ብሎ ያማርራል? ጸሐፊውማ ገና ሳያገባኝ ሁለቴ ወጡን ነቅፏል” አሉ። ባላምባራስም ሳቁ። ሠርጉ በግንቦት ሆነ።

ጽጌንና ዘውዴን ወልደው፣ ታንኳውንም ዓይናቸውን ገልጠው እየመሩ በሰላም ኖሩ። ባለፈው ክረምት እግራቸው አብጦ ሐኪም የሚያምዎትን ይንገሩኝ ቢላቸው፣ ከአውራ ጣታቸው ጀምረው ጉልበታቸው ሳይደርሱ መሸ፤ ሐኪሙም የቀረውን ነገ እሰማለሁ ብሎ ሄደ። ሕመሙ እየጠና ሄዶ በኅዳር ፲፱፻፳፯ ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ገላነሽ፣ ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆችና እኛ ቀዛፊዎቻቸው ቀርተናል። የጭቃውን ነገር ለክብራቸው ብዬ ልዘለው ነበር። ወይዘሮ ገላነሽ ግን “እኔ ያገባሁት የዚያን ዕለቱን ሰው ነው፤ እሱን ካስቀረህ ማንን ልትቀብር ነው?” ስላሉኝ አንብቤዋለሁ።

አምላክ ነፍሳቸውን ድካምና ሕመም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ ገላነሽም መጽናናቱን ይስጥልን። አሜን።