ሰፈራችን ያማረበት ቀን

ግቢ ግቢ፣ እህቴ… በሩን ጠንከር አድርገሽ ግፊው፣ እርጥበቱ አሳብጦት ካልታገሉት አይከፈትም። እንደምን አደርሽ? ልጆቹስ? አዲሱን ቤት ለመዱት? እሰይ። ፎቅ ላይ መሆናችሁ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ነፋስ ታገኛላችሁ። ቀሚሱ አልቋል፤ ጫፉን ልለካልሽና ዛሬውኑ ይዘሽው ትሄጃለሽ። እስቲ እዚች በርጩማ ላይ ውጪ። አዎ፣ እንደሱ… ቀጥ በይ።

ጋሼ፣ እርስዎም ይቀመጡ እንጂ፣ ምን ያስቆምዎታል! የእርስዎ ኮት ከዚህ ቀጥሎ ነው። ጎንና ጎኑን ፈትቼዋለሁ፣ መግጠም ብቻ ነው የቀረኝ። ለከሰዓቱ ፕሮግራም ይደርስልዎታል፣ አያስቡ። ሰውነትዎ ትንሽ ሰፋ ብሏል ልበል?… ኧረ ደስ ይላል! ሰው ሲመቸው ከማየት የበለጠ ምን አለ? እኛ የሴት ወሬያችንን እናወራለን፣ እርስዎ ጋዜጣዎን ያንብቡ። እርስዎን የሚነካ ነገር የለበትም።

ባለፈው ምን ነበር ያልሽኝ?… "ለሰፈሩ አዲስ ነኝ፣ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ሲኖረኝ ማንን ልጠይቅ?" አላልሽኝም? ታድለሽ! እኛ ሰፈር መጠየቅ የሚባል ድካም የለም። አንድ ትልቅ ሰው አሉን… ስማቸውን አልጠራም፣ ሲጠራ አይወዱም፣ ትሑት ናቸው። የነዋሪውን ኮሚቴ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱ ምን እንዳሰበ ለእኛ ይነግሩናል፤ እኛ ምን እንዳሰብን ደግሞ ለማዘጋጃ ቤቱ ይነግሩልናል። አንዳንዴማ እኛ ራሳችን ሳናስበው በፊት ነግረውልን ይመለሳሉ። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል?

ስልክሽን ስጪኝና ከሰፈሩ ቡድን አስገባሻለሁ። መወያያ ነው የሚባለው፤ የሚጽፉት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። እኛ እንዳንጽፍ ዘግተውልናል… ለጣታችን አስበው ነው። ጠዋት ጠዋት የአበባ ፎቶ ይልኩልናል፣ ከሥሩ "መልካም ቀን፣ ውድ ነዋሪዎች" ይላል። ቆሻሻ ሳይነሳ የሰነበተ ዕለት አበባ ይመጣል። መብራት የጠፋ ዕለትም አበባ ይመጣል፣ ስልኩ ቻርጅ ካለው። ለቀብር የሚበቃ አበባ ነው ያጠራቀምኩት እልሻለሁ።

ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ለየሰፈሩ የሐሳብ መስጫ ሳጥን አድሎ ነበር። ቆንጆ የእንጨት ሳጥን፣ ቁልፍ ያለው። ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ቦታ ይሰቀል ተባለ። እኚህ ሰው ግን አንጀታቸው አልቻለም… "ዝናብ ይመታዋል" ብለው ወስደው ሳሎናቸው አስቀመጡት። ለሳጥን እንኳ እንዲህ የሚራራ ልብ አይተሽ ታውቂያለሽ? እናቴ ሳጥን ብትሆን ኖሮ ይሄኔ እሳቸው ሳሎን ነበረች እላለሁ አንዳንዴ፣ ብቻዬን ስሆን።

አትንቀሳቀሺ የኔ እመቤት፣ መርፌ ይዣለሁ፣ ሳላስበው እንዳልወጋሽ። እኔ ሰው መውጋት አልወድም።

ቦዩን አይተሽው የለ? ይሄ ከመንገዱ ዳር ያለው፣ ክዳኑ የተሰባበረው። የላይኛው ሰፈር ውሃ ሁሉ በሱ ይወርድና እዚህ ታች ሲደርስ ይታፈናል። መሄጃ ሲያጣ የት ይሂድ? ወደኔ ይገባል። ስፌት ማሽኔን ጠረጴዛ ላይ ያወጣሁት ለዚህ ነው፣ ለጌጥ አይደለም። ጓዳ ውስጥ ደግሞ እናቴ አለች። ጉልበቷ አልታዘዝ ካላት ቆይቷል፤ አልጋዋን በጡብ ከፍ አድርጌላታለሁ። ውሃው ሲመጣ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ "ልጄ፣ ዛሬስ እስከየት ደረሰ?" ትለኛለች። ሳቂ ሳቂ፣ እሷም ትስቃለች። የምታለቅሰው እኔ ክርና ቁልፍ ልገዛ ስወጣ ነው፤ ስመለስ ዓይኗን አይቼ አውቃለሁ። አላወቀችብኝም ብላ ስለ አየሩ ታወራልኛለች፣ እኔም ስለ አየሩ አወራላታለሁ።

እና ስንለምን፣ ስንለምን… ማዘጋጃ ቤቱ በመጨረሻ እሺ አለ። "መሐንዲስ ልኬ ላስመርምር፤ ከእናንተና ከላይኛው ሰፈር የባሰበትን ዘንድሮ እጠግናለሁ፣ ሌላው ይቆያል" አለ። እንግዲህ አስቢው። ሌላ ሰፈር ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ቦዩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ "ይኸውላችሁ ጉዳችን" ብሎ ያሳይ ነበር። የላይኞቹ እንደዚያ አደረጉ አሉ፤ ስድ አደግ ናቸው መሰለኝ። የኛ ሰው ግን ጨዋ ናቸው። አዳራሽ ሰበሰቡንና "እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም ወይ? ገመናችንን ለማያውቀን ሰው እናሳይ እንዴ?" አሉን። ቀጥለውም "የሚቃወም እጁን ያውጣ" አሉና ወዲያው ሰዓታቸውን አዩ። እጅ ለማውጣት እኮ መጀመሪያ ከኪስ መንቀል ያስፈልጋል፤ እሳቸው ከዚያ በፊት "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!" ብለው ጨርሰዋል። እንዲህ ፈጣን ሰው ናቸው።

ከዚያማ ሰፈሩ እንደ ሙሽራ ተኳለ። ቦዩ ላይ ጣውላ ተረበረበ። ከጣውላው በላይ ሣር የሚመስል አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ምንጣፉን ከራሳቸው በረንዳ አንስተው ያዋሱት እሳቸው ናቸው፣ ለጋስ አይደሉ? ከዳርና ከዳር አበባ ተደረደረ። እኔ ጓዳ ደግሞ ውሃው የደረሰበት መስመር ግድግዳው ላይ ነበር፣ ይኸው እዚህ ወገቤ ድረስ። ቀለሙን ራሳቸው ተሸክመው መጥተው አስቀቡልኝ። "የታመመ ሰው ሐኪም ጋ ሲሄድ ተኳኩሎ ነው ወይ የሚሄደው?" ብያቸው ነበር። አልሰሙኝም… "ሁለተኛ እጅ ይቀባ" እያሉ ነበር።

ያልተሸፈነች እናቴ ብቻ ቀረች። እሷ በር ላይ መቀመጥ ትወዳለች፤ አላፊ አግዳሚውን ጠርታ ስለ ውሃው ሳትነግር አትለቅም። ታዲያ እኚህ ሰው "እናታችን በዚህ ግርግር እንዳይደክሙ" አሉና መሐንዲስ በሚመጣበት ዕለት በጠዋት በራሳቸው መኪና አሳፍረው፣ ባለቤታቸው እየነዱ፣ ከከተማ ወጣ አድርገው አዋሏት። የት ቢሆን ጥሩ ነው? ሐይቅ ዳር! ውሃ እንዳይናፍቃት ነው መሰለኝ… በጥላ ሥር ወንበር ዘርግተውላት፣ ለስላሳ ጠጥታ፣ ብስኩት በልታ፣ ወፍ ስትቆጥር ዋለች። ማታ ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሰው መስሎ ነበር። ስንት ዘመኗ ነው "ደክሞሽ ይሆናል" ብሎ ሽርሽር የወሰዳት ሰው ሳታገኝ! እኔ ልጇ እንኳ አልወሰድኳትም፤ በምን መኪና?

መሐንዲሷ መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ጭቃ አለ ሲሏት የላስቲክ ቦት ይዛ ነበር የመጣችው፤ እጇ ላይ እንዳንጠለጠለችው ተመለሰች። "የተባለው ቦይ የቱ ነው?" ብላ ጠየቀች። የቆመችው እሱው ላይ ነው እኮ፣ እህቴ! እሳቸውም አጠገቧ ቆመዋል። "ነዋሪው በራሱ ተነሳሽነት ችግሩን ፈትቶታል" አሏት። ጣውላው ከሥራቸው ሲጢጥ አለ… ጣውላ ሆኖ እንኳ አላስቻለውም። እኛስ? አጨበጨብን። አጨብጭቡ ሲባል እኛ ሰፈር የሚሰንፍ የለም።

ጥገናው ለላይኞቹ ሆነ። ይድላቸው፣ አልቀናሁም። ቦያቸው አሁን አምሮ ተሠርቷል፣ ልሙጥ ነው፣ ቆሻሻ እንኳ አይዘውም። ውሃቸው ዱሮ እየተንፏቀቀ ነበር የሚመጣው፣ አሁን እየጋለበ እኛ ጋ ይደርሳል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለ ዕለት ያ አረንጓዴ ምንጣፍ ተንሳፍፎ በሬ ድረስ መጣ። አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጥፌ ለባለቤቱ መለስኩ፤ የሰው ዕቃ አይደል? ጡብም ጨመርኩበት፣ ከአልጋው ሥር። አሁን እናቴ ቀና ስትል ጣራውን ልትነካ ምንም አልቀራት። ሌላ ዓመት ደግሞ ከዚህ የባሰ ቢመጣ ወዴት ከፍ እንደማደርጋት አላውቅም። ይሄንን ስልሽ እየሳቅኩ ነው፣ አንጀቴ ግን አርሯል።

እኛም ግን ባዶ እጃችንን አልቀረንም። "ሞዴል ሰፈር" ተብለን ተሸለምን! ዋንጫ አለው አሉ። እሳቸው በቡድኑ ሲያበስሩን አበባው ብዛቱ… ዋንጫው የት እንደሚቀመጥ እንኳ ከወዲሁ ተወስኗል፤ ዝናብ እንዳይመታው።

ጋሼ፣ ሞቀዎት እንዴ? ጋዜጣውን ማራገቢያ አደረጉት እኮ! በሩን ልክፈትልዎት? ኧረ ይቀመጡ፣ ወዴት ነው ያለ ኮት? ይኸው ክሩን አስገብቻለሁ፣ አንድ ጎኑ ነው የቀረኝ። ደግሞ እርስዎ ምን ቤት ነዎት፣ እኛ የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ነው።

ውረጂ እህቴ፣ ያንቺ አልቋል። ግን ቁጭ በይ፣ ዋናውን አልነገርኩሽም። ዛሬ ከሰዓት አዳራሽ ውስጥ ዋንጫው ሲሰጥ ከነዋሪው አንድ ሰው ተነስቶ ያመሰግናል ተብሏል። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች በሙሉ ይመጣሉ፣ ያቺ ባለ ቦቷ ልጅም ትኖራለች። ታዲያ እኚህ ሰው የመረጡት ማንን ይመስልሻል? እኔንማ አይመርጡኝም፣ የኔ ምላስ መርፌ ቤት ነው ያደገው። እናቴን ነው የመረጡት! ትናንት ራሳቸው መጥተው፣ አልጋዋ አጠገብ ቆመው፣ "እናቴ፣ የእርስዎ ምርቃት ለእንግዶቹ ያምራል" አሏት። እሷማ በደስታ እንቅልፍ አልወሰዳት። ያን የሐይቅ ዳር ቀን አንስታ አትጠግብም። ለምን ያን ዕለት እንደወሰዷት አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳት። ምን ብዬ ልንገራት? በዚህ ዕድሜዋ አንድ ሰው አሰበልኝ ብላ ያገኘችውን ደስታ፣ እኔ ልቀማት?

አዝዬ አደርሳታለሁ። ለምጄዋለሁ፣ አትከብደኝም። መድረኩ ላይም አዝዬ እወጣለሁ፤ ሰው ሁሉ እንዲያያት። አንቺም ነይ፣ ፊት ለፊት ተቀመጪ። መሐንዲሷ አጠገብ ቦታ ካገኘሽ ደግሞ የበለጠ ጥሩ፤ "እኚህ እናት የት ነው የሚተኙት?" ብላ ብትጠይቅሽ፣ መንገዱን ታውቂዋለሽ።

እስቲ አድምጫት… ትሰሚያለሽ? ጓዳ ሆና ምርቃቱን እያጠናችው ነው። ስትደጋግመው እኔም በቃሌ ያዝኩት። ከልቧ ነው የምትለው፣ አንዲት ክፋት የለባትም። ጋሼ፣ እርስዎም ጋዜጣውን አውርደው ይስሙ፤ ሰው ሲመረቅ አሜን የሚል ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። "ልጄ" ነው የምትላቸው… "ልጄ፣ ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጥህ። እንደኔ እስክትሸብት፣ እንደኔ ጉልበትህ እስኪከዳህ ያኑርህ። ያኔ ደግሞ፣ አልጋ ላይ ስትውል… አንተ ለእኔ እንዳሰብክልኝ፣ ልክ እንዲሁ አድርጎ የሚያስብልህ ልጅ ይስጥህ።"