ከአንድ ቤት የመጡ ሽማግሌዎች

አዳማ፣ የጋሽ ደጀኔ የሙሽራ መኪና ኪራይ ቢሮ፣ ዓርብ ከሰዓት፤ ድረ ገጻቸውን የምትሠራላቸው ሩሐማ ሰኞ አዲስ አበባ አዲስ ሥራ ልትጀምር መልቀቂያ እንዲፈርሙላት ወረቀቱን ይዛ ቆማለች።

ጋሽ ደጀኔ፦ አልፈርምም አልኩ እኮ! መጀመሪያ ወደ ቦታዬ መልሺኝ፣ ከዚያ ትሄጃለሽ።

ሩሐማ፦ ጋሼ፣ በአንድ ከሰዓት የሚሆን ነገር አይደለም። ወራት ይፈጃል። እነሱ ደግሞ ሰኞ መልቀቂያ ይዘሽ ካልመጣሽ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን ብለውኛል።

ጋሽ ደጀኔ፦ ለመውረድ አንድ ሌሊት፣ ለመውጣት ወራት?

ሩሐማ፦ መውደቅ መቼ ጊዜ ይፈልጋል።

ጋሽ ደጀኔ፦ አትፈላሰፊብኝ! ባለፈው ጥር "የሙሽራ መኪና አዳማ" ብሎ ጎግል ላይ የጻፈ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነበር። ዛሬ ጠዋት ጣቴ እስኪደክም ስልኩን ገፋሁ፤ የለሁም። የት ደበቅሽኝ?

ሩሐማ፦ እኔ አልደበቅኩዎትም። ተደረሰብን።

ጋሽ ደጀኔ፦ ምን ስናደርግ?

ሩሐማ፦ አሥር ድረ ገጽ ክፈቺ አሉኝ፤ ከፈትኩ። አንዱ የሰርግ ምክር፣ አንዱ ዲኮር፣ አንዱ ስለ ቬሎ። ሁሉም ዞረው ዞረው "መኪና ከፈለጋችሁ ጋሽ ደጀኔ ጋ" ይላሉ። እርስ በርሳቸውም ይመሰጋገናሉ።

ጋሽ ደጀኔ፦ ምን ነውር አለው? ሰው በሰው ነው የሚታወቀው።

ሩሐማ፦ ሰው ቢሆኑማ። ጋሼ፣ ሴት ልጅ አለችዎት እንበል። አንድ ጎረምሳ ሽማግሌ ላከ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ተነሥተው "ጨዋ ልጅ ነው" አሉ። ቢያጣሩ ሦስቱም የሚያድሩት እሱ ቤት ነው። ይሰጡታል?

ጋሽ ደጀኔ፦ በዱላ ነው የማባርራቸው!

ሩሐማ፦ ጎግልም እኛን ያባረረን እንደዚያ ነው። አሥሩም የሚያድሩት አንድ ሰርቨር፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። አድራሻቸው አንድ፣ አጻጻፋቸው አንድ…

ጋሽ ደጀኔ፦ ያንቺ አጻጻፍ።

ሩሐማ፦ አዎ። የእኔ።

ጋሽ ደጀኔ፦ ሰርቨሩ የሚስቴ ወንድም የፍቅሬ አይደል? ዘመድ እያለልኝ ባዳ ቤት ልደር? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ።

ሩሐማ፦ አህያውን እንኳ አግኝተናል። የፍቅሬ ሌሎች ደንበኞች እነማን እንደሆኑ ያውቃሉ? አወራራጆች፣ በሦስት ቀን ቦርጭ እናጠፋለን የሚሉ… ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር…

ጋሽ ደጀኔ፦ ጨርሺው እንጂ!

ሩሐማ፦ ቀሪውን እርስዎ ያውቁታል።

ጋሽ ደጀኔ፦ ሃ! ስትጀምር ትደፍራለች፣ ስትጨርስ ታፍራለች። እና ጎረቤት ነው የጣለን?

ሩሐማ፦ ጎረቤት ብቻውን አይጥልም። ቤቱ ተጨናንቆ ገጻችን ሲከፈት ያዘግማል፤ ሙሽሮች ይሰለቻሉ። የጣለን ግን እርስ በርስ መመሰካከራችን ነው።

ጋሽ ደጀኔ፦ ታዲያ መፍትሔው ቀላል ነዋ! ሌላ አሥር ክፈቺ። አንዱን ጀርመን አስቀምጪው፣ አንዱን ናይሮቢ፣ አንዱን ሕንድ። ሽማግሌዎቹን ከየአገሩ እናምጣቸው።

ሩሐማ፦ ከየትም ቢመጡ የሚናገሩት እኛ ያስጠናናቸውን ነው።

ጋሽ ደጀኔ፦ ማን ያውቃል?

ሩሐማ፦ ባለፈውም እንደዚህ ነበር ያሉት። ጋሼ፣ አሥሩን እንዝጋቸው። ዋናውን ደህና ቦታ አዛውሬልዎት ልሂድ። ከዚያ የእውነት ሙሽሮችን "እስቲ ስለኛ አንድ ቃል ጻፉልን" ብለው ይለምኑ። ስንቱን ድረዋል።

ጋሽ ደጀኔ፦ ሙሽሮቹን ተያቸው።

ሩሐማ፦ ለምን?

ጋሽ ደጀኔ፦ ተያቸው አልኩሽ!

ሩሐማ፦ የመክሊትን ጽሑፍ አይተውታል ማለት ነው።

ጋሽ ደጀኔ፦ ያላየው ማን አለ? "በነጭ ሊሞ እሄዳለሁ ብዬ በባጃጅ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ።" ከነፎቶው! ቬሎዋ በባጃጁ በር ወጥቶ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። አሁን ስሜን የሚፈልግ ሁሉ እሱን ነው የሚያገኘው። የእኔ አሥር ድረ ገጽ ገደል ገብቶ የእሷ አንድ ጽሑፍ ተራራ ላይ ወጣ!

ሩሐማ፦ ሰው ስለተቀባበለው ነው። ሁሉም ከየራሱ ቤት ሆኖ ነው ወደ እሷ የጠቆመው። እሷ ማንንም አልላከችም።

ጋሽ ደጀኔ፦ ሞተር ነው፤ ይሞቃል። እኔ ምን ላድርግ?

ሩሐማ፦ ሹፌሩ ይህ መኪና ለሰርግ አይወጣም ብሎዎት ነበር።

ጋሽ ደጀኔ፦ አንቺ የማን ሠራተኛ ነሽ?

ሩሐማ፦ እስከ ዛሬ የእርስዎ።

ጋሽ ደጀኔ፦ እንግዲያው አዲሶቹን አሥር ክፈቺና ያን ጽሑፍ ቅበሪልኝ። ቅበሪና ልፈርም።

ሩሐማ፦ አልቀብርም። ጋሼ፣ እባክዎ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች። ሻንጣዬ ተዘግቷል።

ጋሽ ደጀኔ፦ አምጪው።

ሩሐማ፦ ምኑን?

ጋሽ ደጀኔ፦ ወረቀቱን ነዋ። ይኸው ፊርማ። ይኸው ማኅተም። "በሥራዋ ታማኝ ነበረች" የሚለውንም አልሰረዝኩብሽም።

ሩሐማ፦ እግዜር ይስጥልኝ… እንዲህ ባንዴ?

ጋሽ ደጀኔ፦ ሰው በገመድ አይታሰር። ብቻ ሳትወጪ ስልክሽን አውጪና ስምሽን ፈልጊ። ከነአባትሽ።

ሩሐማ፦ ለምን?

ጋሽ ደጀኔ፦ መክሊት ጋ ደውዬ ነበር፤ አጥፊው ልላት። እሷ መልሳ ጠየቀችኝ። "የጋሽ ደጀኔን ሊሞ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ያዙ ብላ የጻፈችው ሙሽራ ሰላማዊት ማን ናት? እሷን አምኜ ነው የያዝኩት" አለችኝ። ሰላማዊት የምትባል ሙሽራ የለችም፣ የጻፈችው ሩሐማ ናት አልኳት።

ሩሐማ፦ ሙሉ ስሜን?

ጋሽ ደጀኔ፦ ከነአባትሽ አልኩሽ እኮ። አገኘሽው?

ሩሐማ፦ …አንደኛ ነው።

ጋሽ ደጀኔ፦ አየሽ? አንቺ በስንት ልፋት ያስቀመጥሽኝ ቦታ ላይ እሷ ስምሽን ጽፋ በሁለት ቀን አስቀመጠችሽ። የሰኞዎቹ ሰዎችም ስልክ አላቸው። በይ ወንበርሽን ሳቢ፤ አሁን ሁለታችንም የምንቀብረው አለን።

ሩሐማ፦ መክሊት የት ሰፈር ናት?

ጋሽ ደጀኔ፦ ምን ልትፈጥሪ?

ሩሐማ፦ እርስዎ ሲደውሉ የዘለሉትን፣ ሹፌሩ ያለዎትን ልነግራት። ይቅርታ ልላት።

ጋሽ ደጀኔ፦ ይቅርታ ከዚያ ያወርድሻል?

ሩሐማ፦ አያወርደኝም። እሷ ግን መኪናዎ ውስጥ የገባችው በእኔ ቃል ነው።